መድረክና ክፍል በአንድ ጉሮሮ፦ ኦፔራ እየዘፈኑ ዩኒቨርሲቲ ድምፅ ለማስተማር

በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ያው ጥያቄ ይመጣል። አንዳንዴ ከተመራቂ ተማሪ፣ አንዳንዴ ገና የማስተማር ሥራ ካገኘ ዘፋኝ። «መድረኩንም ማስተማሩንም እንዴት ነው አብረሽ የምታስኬጂው?» እስካሁን ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ ቆየሁ። አሁን አንድ ቦታ ልጻፈውና ልገላገል።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚሉኝም አልጠፉም። ብዙ ሰው የሚፈራው ሰዓት እንዳያጥረው ነው። ሰዓት ግን ይሸጋሸጋል። የማክሰኞን ተማሪ ወደ ዓርብ ማዛወር ይቻላል። ጠዋት ክፍል ውስጥ የጨረሳችሁትን ድምፅ ግን ማታ መድረክ ላይ ከየትም አታመጡትም። ስለዚህ እዚህ ካሌንደር ከመሙላታችን በፊት ድምፅ እንቆጥራለን።

መመሪያው ለአንድ ለአንድ የድምፅ ትምህርት ለሚሰጡ ነው። ቲዎሪ ወይም የመዘምራን ቡድን ለምታስተምሩም ከደረጃ 5 ጀምሮ ያለው ይጠቅማችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ካሌንደር። ወረቀትም ይሁን ስልክ፣ አንድ ብቻ።
- የሥራ ውላችሁና የዩኒቨርሲቲው የዓመት መርሐ ግብር
- የኦፔራ ቤቱ የልምምድ መርሐ ግብር፣ ረቂቅም ቢሆን
- ትንሽ ደብተር (የድምፅ መዝገብ የምንለው እሱን ነው)
- ቀጭን የመጠጫ ቱቦና ግማሽ ብርጭቆ ውሃ
- ድምፅ መቅጃ፤ ስልካችሁ ይበቃል
- ለሙዚቀኛ ተብሎ የተሠራ የጆሮ መከላከያ
- ለርቀት ትምህርት በኬብል የሚገባ ኢንተርኔትና ደህና ማይክሮፎን
- ሁለት ሰዎች፦ የምታምኑት ተተኪ መምህርና ዘፋኞችን ማከም የለመደ የጉሮሮ ሐኪም

ሐኪሙ ጋ መጀመሪያ የምትሄዱት ጤነኛ ሳላችሁ ነው። የድምፅ አውታራችሁን (ጉሮሮ ውስጥ እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣውን) በካሜራ አስቀርጹ። አንድ ቀን ድምፃችሁ ሲዘጋ ሐኪሙ አዲሱን ምስል የሚያወዳድርበት ይኖረዋል። አለበለዚያ ድሮም የነበረውን ትንሽ እብጠት እንደ አዲስ ጉዳት ሊያየው ይችላል፤ ወይም በተቃራኒው።

ደረጃ 1፦ የሥራ ውላችሁን እስከ መጨረሻው አንብቡ

ሦስት ነገር ፈልጉ። በሴሚስተሩ ውስጥ ስንት ቀን መቅረት ይፈቀዳል? የተዘለለ ትምህርት በምን ይተካል? መድረክ ላይ መዝፈን ለደረጃ እድገት ይቆጠራል?

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የአንድ ዘፋኝ መምህር ትርኢት እንደ ሌላው መምህር ምርምር ይታያል። የእናንተም እንዲህ ከሆነ ፈቃድ ስትጠይቁ ውለታ አትለምኑም፤ የሥራችሁን ክፍል ለመሥራት ነው የምትጠይቁት። የደብዳቤው ቃና ራሱ ይለወጣል። በሰዓት የምትከፈሉ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቀራችሁበት ሰዓት አይከፈልም፤ ስለዚህ የመድረኩ ክፍያ ያንን መሸፈኑን ከአሁኑ አስሉ።

ደረጃ 2፦ የማይነቃነቁ ቀኖችን በአንድ ገጽ ላይ አስቀምጡ

ከዩኒቨርሲቲው በኩል፦ የመጀመሪያው ሳምንት፣ የመግቢያ ፈተና ቀኖች፣ የተማሪዎቻችሁ ሪሲታሎች (ብቻቸውን የሚዘፍኑባቸው ኮንሰርቶች)፣ የሴሚስተር ማብቂያ የመድረክ ፈተና።

ከኦፔራው በኩል፦ የመጀመሪያው የሙዚቃ ልምምድ፣ የመድረክ ልምምዱ የሚጀምርበት ቀን፣ ሲትስፕሮቤ (ዘፋኞችና ኦርኬስትራ ያለ ትወና ተቀምጠው የሚገናኙበት)፣ በልብስ የሚደረጉት ልምምዶች፣ የመክፈቻው ምሽትና ሁሉም ትርኢቶች።

ይህን ቀድማችሁ የምትሠሩት ሁለቱ ቤቶች የሚጠቀሙበት ሰዓት ስለማይመሳሰል ነው። ትልልቅ ኦፔራ ቤቶች ዘፋኝ የሚይዙት ከአንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን የትምህርት ሰዓት የሚደለድለው ሴሚስተሩ ሲቃረብ ነው። ውሉን ስትፈርሙ ግጭት አይታይም። ግጭቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ ያኔ ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ማስቀየም ግድ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ሥራውን በስሙ ሳይሆን በሚበላው ቀን ምረጡ

አንድ ሙሉ የኦፔራ ዝግጅት ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ልምምድ ይፈልጋል። ከዚያ ትርኢቶቹ በሳምንታት ይዘረጋሉ። ከኦርኬስትራ ጋር የሚቀርብ ኮንሰርት፣ ለምሳሌ የኦራቶርዮ (ያለ ትወና የሚዘመር ትልቅ ድርሰት) ሶሎ፣ በ3 ወይም በ4 ቀን ያልቃል። በሴሚስተር መሃል የሚመች ሥራ ኮንሰርት ነው። ኦፔራውን ለእረፍት ወራት አቆዩት።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። የአውሮፓ የበጋ ፌስቲቫል ሲባል ትርኢቱ በእረፍት ጊዜ ስለሚውል የሚመች ይመስላል። የኦስትሪያው ሳልዝበርግና የጀርመኑ ባይሮይት ትርኢታቸው በሐምሌና በነሐሴ አካባቢ ነው። ልምምዱ ግን ከዚያ ሳምንታት ቀድሞ ይጀምራል፤ ያ ወቅት ደግሞ በብዙ ዩኒቨርሲቲ የፈተና ወቅት ነው። ውል ሲመጣ መጀመሪያ የልምምዱን የመጀመሪያ ቀን ጠይቁ፤ የትርኢቱን ቀን በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

የሚናው ስፋትም ይለያያል። በሞዛርት «የፊጋሮ ጋብቻ» ሱዛናን የያዘች ዘፋኝ ከመጀመሪያው ትዕይንት እስከ መጨረሻው ከመድረክ የምትወርደው ለጥቂት ጊዜ ነው። የልምምድ ክፍሉ ቤቷ ይሆናል። በ«አስማታዊው ዋሽንት» የሌሊቷ ንግሥት ያሏት ሁለት አሪያዎች (ለብቻ የሚዘፈኑ ዜማዎች) ናቸው። ከባድ ናቸው፣ ጣሪያ ይነካሉ፤ ግን የልምምድ ጥሪዋ ትንሽ ነው። እያስተማራችሁ አዲስ ሚና የምትሞክሩ ከሆነ ከሁለተኛው ዓይነት ጀምሩ።

ተጠባባቂ ሆኖ መያዝም አለ። የማትዘፍኑበት ምሽት ብዙ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ተጠባባቂ ከቲያትሩ ብዙ መራቅ አይፈቀድለትም። ዩኒቨርሲቲው ሌላ ከተማ ከሆነ አይሠራም።

ደረጃ 4፦ ከመፈረማችሁ በፊት ለሁለቱም ጻፉ

በአፍ የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል»። የዲፓርትመንት ኃላፊ ይቀየራል፤ አዲሱ ኃላፊ ቡና ላይ የተባባላችሁትን አያውቅም። እኔ ላይ ደርሷል። አንዱ ኃላፊ «ችግር የለም፣ ሂጂ» ብሎኝ ነበር። እኔ ስመለስ እሱ ቦታውን ለቆ፣ የተካው ሰው ያልተፈቀደ ቀሪ ብሎ መዝግቦኝ አገኘሁ። ሦስት ሳምንት ስጻጻፍ ከረምኩ።

ለዩኒቨርሲቲው አጭር ደብዳቤ ይበቃል። መፍትሔውን ይዛችሁ ግቡ፦

«ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በኦፔራ ዝግጅት ላይ እንድሠራ ተጠይቄአለሁ። በእነዚህ 4 ሳምንታት የሚያልፉትን 48 ትምህርቶች የምተካበትን ዕቅድ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። በመግቢያ ፈተናውና በሴሚስተር ማብቂያው ፈተና ሙሉ በሙሉ እገኛለሁ። ውሉን ከመፈረሜ በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ለኦፔራ ቤቱ ወይም ለወኪላችሁ ደግሞ የማትገኙባቸውን ቀኖች ዘርዝራችሁ ስጡ፤ ውሉ ውስጥ እንዲገቡም ጠይቁ። ከልምምድ መጀመሪያ በፊት የተጠየቀ ሁለት ቀን ብዙ ጊዜ ይገኛል። ልምምድ ከተጀመረ በኋላ የተጠየቀ ሁለት ሰዓት ግን ያስቆጣል፤ አዘጋጁ ያን ትዕይንት ያለእናንተ ሊሠራው አይችልምና።

ደረጃ 5፦ የትምህርቱን ዕዳ አስሉና አስቀድማችሁ ክፈሉ

12 ተማሪዎች አሉ እንበል። በሳምንት አንድ አንድ ትምህርት። ለ4 ሳምንት ከሄዳችሁ ዕዳው 48 ትምህርት ነው። ስትመለሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ እከፍላለሁ ማለት ራስን ማታለል ነው። እኔ ለእያንዳንዱ ተማሪ አራቱን እንዲህ እከፍለዋለሁ፦

- አንዱን ከመሄዴ በፊት። 12 ተጨማሪ ትምህርት በ3 ሳምንት ሲከፈል በሳምንት 4 ብቻ ይጨምራል።
- አንዱን በርቀት፣ እዚያው ሆኜ።
- አንዱን በተተኪ መምህር።
- አንዱን ከተመለስኩ በኋላ።

ቅድሚያ የሚከፈሉት ትምህርቶች ልምምድ ከመጀመሩ አንድ ሙሉ ሳምንት በፊት ማለቅ አለባቸው። እስከ ዋዜማው ካስተማራችሁ ለመጀመሪያው የሙዚቃ ልምምድ የምትደርሱት በደከመ ድምፅ ነው። የኦርኬስትራ መሪው መጀመሪያ የሚሰማችሁ ደግሞ ያን ቀን ነው።

ለተተኪው መምህር ስለ እያንዳንዱ ተማሪ ግማሽ ገጽ ጻፉ። ምን ላይ እየሠራ ነው፣ ምን መነካት የለበትም፣ የትኛውን ቃል ይረዳል። «አገጭህን ልቀቅ» ሲባል የሚገባው ተማሪ አለ። ያው ቃል ሌላውን ያደነድነዋል። ይህን ካልነገራችሁት ተተኪው አንድ ሙሉ ትምህርት በፍለጋ ያጠፋል።

ደረጃ 6፦ የድምፅ በጀት ያዙ

ዋናው ደረጃ ይሄ ነው። ሌላውን ብትዘሉት እንኳ ይሄን አትዝለሉ።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ሴት ስታወራ የድምፅ አውታሮቿ በሰከንድ ወደ 200 ጊዜ ይጋጫሉ። ወንድ ሲሆን 110 ወይም 120 አካባቢ ነው። በአንድ የ50 ደቂቃ ትምህርት ውስጥ ከአፋችሁ ድምፅ የወጣበት ጊዜ 15 ደቂቃ ብቻ ነው እንበል። ይህ ለሴት መምህር 180,000 ግጭት ነው። ስድስት ትምህርት ከሰጠች ከአንድ ሚሊዮን አለፈች። ገና አንድ ኖታ አልዘፈነችም። ለንግግር ሒሳብ ስለማንይዝለት ነው እንጂ ጉሮሮው ይይዛል።

አንድ ሐሙስ ልንገራችሁ። ስድስት ተማሪ ነበረኝ። አራተኛው ቴነር (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ) ነው፤ ድምፁ ከዝቅተኛው (ከደረት) ወደ ከፍተኛው (ወደ ራስ) በሚሻገርበት ቦታ ላይ ተጣብቋል። አንድ ሐረግ አሳየሁት። አልገባውም። ደግሜ አሳየሁት። ስምንተኛው ላይ ገባው፤ ደስ አለን። ማታ ከኦርኬስትራ ጋር የልብስ ልምምድ ነበር። ለስለስ ብሎ የሚጀምር ረጅም ከፍተኛ ኖታ አለኝ። አፌን ከፈትኩ። መጀመሪያ አየር ወጣ። ድምፁ ቆይቶ መጣ። የኦርኬስትራ መሪው ቀና ብሎ አየኝ። ጉንፋን የለብኝም፣ እንቅልፍ አልጎደለኝም። ድምፄን ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ሳይሆን ጨርሼው ነበር። ደብተሩን የጀመርኩት በማግስቱ ነው።

ደብተሩ ላይ በየቀኑ አራት ነገር ይጻፋል፦

ሀ. የጠዋቱ ጣሪያ። ከተነሣችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ በጣም በለሆሳስ፣ አምስት አጫጭር ወራጅ ኖታዎች ዘምሩ። በግማሽ ድምፅ በግማሽ ድምፅ (ማለትም ፒያኖ ላይ በአንድ አንድ ቁልፍ) ወደ ላይ ውጡ። ድምፁ ዘግይቶ የሚመጣበትን ወይም አየር የሚቀድምበትን ኖታ ጻፉ። ጮክ ብሎ መሞከር ዋጋ የለውም። በኃይል ሲዘፈን ትንሽ እብጠት ይሸፈናል፤ በለሆሳስ ሲዘፈን ይጋለጣል።

ለ. በትምህርት ላይ ያወራችሁበት ደቂቃ፣ በግምት።

ሐ. ሙሉ ድምፅ የዘፈናችሁበት ደቂቃ።

መ. የማታው ስሜት በአንድ ቃል። «ንጹሕ»፣ «ሻካራ»፣ «ደረቅ»።

በሁለት ሳምንት ውስጥ የራሳችሁን ቁጥር ታገኛላችሁ። የእኔ ለምሳሌ ይሄ ነው፦ በቀን ከአራት ትምህርት በላይ ከሰጠሁ የማግስቱ ጣሪያ ይወርዳል። የእናንተ ሦስት ወይም ስድስት ሊሆን ይችላል። ጣሪያው ከወትሮው ሁለት ግማሽ ድምፅ ወርዶ በማግስቱም ካልተመለሰ ያን ቀን ሙሉ ድምፅ አልዘፍንም፤ ትምህርቱንም እቀንሳለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል። ሳምንት ከቆየ ሐኪም ጋ ነው።

ደረጃ 7፦ ሳታወሩ አስተምሩ

የምታሳዩትን ቀንሱ። አንድ ነገር በትምህርቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ በድምፅ አሳዩ። ከዚያ በኋላ ስልኩን አውጥታችሁ ተማሪውን ቅዱትና የራሱን ድምፅ አስሙት። ብዙ ጊዜ ከእናንተ ማሳያ ይልቅ ይሄ ያስተምረዋል፤ የሚሰማው ራሱን ነዋ። በሌላ የድምፅ ዓይነት ማሳየት ደግሞ ጨርሶ ይቅር። ሶፕራኖ (ከፍተኛ የሴት ድምፅ) ሆናችሁ የባስ (ዝቅተኛ የወንድ ድምፅ) ሐረግ በታች ድምፅ ብታንጎራጉሩ እናንተን ያደክማል፣ ተማሪውን ያሳስታል።

የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ተማሪው ራሱ ይምራ። ማሟሟቂያውን ራሱ ፒያኖ ላይ ሰጥቶ ራሱ ይዝፈን። እናንተ እርሳስ ይዛችሁ ጻፉ። አሥሩ ደቂቃ ሲያልቅ ወረቀቱን ስጡት። አንብቦ ይደግመዋል። የሚገርመው፣ በወረቀት የተሰጠ እርማት ቤት ሄዶም አይጠፋም።

እየዘፈነ አታውሩ። ብዙዎቻችን «አዎ! እንደሱ! ትንፋሽ!» እያልን በፒያኖና በሙሉ ድምፅ ላይ እንጮኻለን። ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲሆን ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በእጅ ተግባቡ። መዳፍ ወደ ታች ከሆነ ትከሻ ልቀቅ፤ ክብ ጣት ከሆነ አናባቢውን አክብብ። ከተማሪው ጋር አምስት ምልክት ተስማሙ፤ ይበቃል።

ጆሮንም አትርሱ። ያደገ የኦፔራ ድምፅ በትንሽ ክፍል ውስጥ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። በሥራ ቦታ የሚመከረው ወሰን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ከተማሪው ፊት ለፊት አትቁሙ፤ ወደ ጎን ሁኑ። ከበድ ያለ ድምፅ ያለው ተማሪ ሲመጣ መከላከያውን አድርጉ። ጆሮው የደከመ ዘፋኝ መድረክ ላይ ራሱን ለመስማት ይገፋል፤ ያ ግፊት ዞሮ ጉሮሮ ላይ ያርፋል።

ደረጃ 8፦ ሚናውን በዝምታ አጥኑ

የአዲስ ሚና ጥናት አብዛኛው ክፍል ድምፅ አይጠይቅም። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦ ቃሉን ቃል በቃል መተርጎም፣ አነባበቡን ማስተካከል፣ ምቱን በጠረጴዛ ላይ እያጨበጨቡ ማንበብ፣ ዜማውን በጭንቅላት እየሰሙ ኖታውን መከተል፣ ቃሉን በቃል መያዝ። ዘፈኑ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንዲህ ካልሆነ ያልያዛችሁትን ምት ለመያዝ አንድ ከፍተኛ ሐረግ 30 ጊዜ ትደጋግማላችሁ። የጭንቅላትን ሥራ ጉሮሮ ይከፍላል።

በሁለት ትምህርት መሃል ያለው 10 ደቂቃ ለዚህ ይመቻል። በር ዝጉ፣ አንድ ገጽ ያዙ፣ ከንፈር ሳታንቀሳቅሱ አንብቡ።

ደረጃ 9፦ የልምምድና የትርኢት ሳምንት

በመድረክ ልምምድ ላይ ማርክ ማድረግን ልመዱ፤ ማለትም ድምፅን ቀንሶ ወይም ከፍተኛውን ኖታ አንድ ኦክታቭ አውርዶ መዝፈን። ለአዘጋጁና ለኦርኬስትራ መሪው ቀድማችሁ ንገሩ፤ ዝም ብላችሁ ከቀነሳችሁ የታመማችሁ ይመስላቸዋል። ማርክ ሲደረግ ትንፋሽ አይቀነስም። ትንፋሹን አብረው የሚጥሉ ሰዎች ከሙሉ ድምፅ የበለጠ ይደክማሉ።

የትርኢት ሳምንት የእኔ ሕግ ይሄ ነው፦

- የትርኢት ቀን፦ ትምህርት የለም። አንድም። ስልክም በአጭሩ።
- ማግስቱ፦ እስከ ቀትር ዝምታ ማለት ይቻላል። ከቀትር በኋላ ቢበዛ ሁለት ተማሪ፤ እነሱም ኖታ የምናነብላቸው ወይም ቅጂ የምናዳምጥላቸው።
- ከማግስቱ ሌላ በሁለት ትርኢት መሃል ያለ ቀን፦ ቢበዛ ሦስት ተማሪ።
- ከመክፈቻው በፊት ያሉ ሁለት ቀኖች፦ ባዶ።

ከባድ ሚና ለያዘ ዘፋኝ ትርኢት በተከታታይ ቀን ብዙ ጊዜ አይያዝም። መሃል ላይ ያለው ቀን ባዶ ይመስላል። ባዶ አይደለም፤ ለጉሮሮ የተሰጠ የሥራ ቀን ነው። እሱን በስድስት ተማሪ የሞላ ሰው ሁለተኛውን ትርኢት የሚዘፍነው በመጀመሪያው ትራፊ ነው።

ከትምህርት ወደ ልምምድ ስትሻገሩ ቱቦዋን አውጡ። ጫፏን 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ውሃው ውስጥ አስገቡ። በቱቦዋ ውስጥ «ኡ» እያላችሁ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ተንሸራተቱ። ውሃው እኩል እኩል መፍላት አለበት። ከተቆራረጠ ትንፋሹ እየዘለለ ነው። 5 ደቂቃ ይበቃል። በቱቦ መለማመድን በሰፊው ያስተዋወቀው የድምፅ ሳይንስ ተመራማሪው ኢንጎ ቲትዝ ነው። የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ጠባቡ መውጫ አየሩን ወደ ኋላ ስለሚገፋው አውታሮቹ በኃይል ሳይላተሙ ይርገበገባሉ። ከልምምድ በኋላም ይደገም፤ ያኔ ማብረጃ ይሆናል።

ደረጃ 10፦ ከሩቅ ማስተማር

ኢንተርኔት ላይ ድምፅ ስለሚዘገይ ከዚህ ሆናችሁ ፒያኖ መምታትና ተማሪውን ማስከተል አይሆንም። አጃቢው የተቀዳ ሆኖ በተማሪው በኩል ይጫወት። ዙም የምትጠቀሙ ከሆነ ተማሪው «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚለውን ያብራ። ካልበራ ፕሮግራሙ ረጅም የተያዘ ኖታን ጫጫታ መስሎት ይቆርጠዋል፤ እናንተ ደግሞ ተማሪው ትንፋሽ ያጠረው መስሏችሁ የሌለ ችግር ታርማላችሁ። ማይክሮፎኑ ከአፉ አንድ ሜትር ያህል ይራቅ።

የድምፅ ጥራት በርቀት በደንብ አይፈረድም። ስለዚህ የርቀቱን ሰዓት ለቋንቋ፣ ለምት፣ ለአተረጓጎምና ለአቋም አውሉት። ስለ ድምፅ ቀለም ለመናገር እስክትመለሱ ጠብቁ።

ማስጠንቀቂያዎች

- ድምፃችሁ በዘፈን መሃል ወይም ከሳል በኋላ ድንገት ከጠፋ ወዲያው አቁሙ። የድምፅ አውታር ውስጥ ደም ፈስሶ ሊሆን ይችላል። ዝም በሉ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይያችሁ። «ትርኢቱን ልጨርስና» የሚባል ነገር የለም።
- አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን የመሳሰሉት የመድማት ዕድልን ይጨምራሉ። ከትርኢት በፊት ለራስ ምታት ብላችሁ ከመውሰዳችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። ለልብ ወይም ለሌላ ሕመም የታዘዘላችሁን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።
- ጉሮሮ የሚያደነዝዝ ከረሜላ ወስዳችሁ አትዝፈኑ። ሕመሙ አቁሙ የሚል መልእክት ነው፤ መድኃኒቱ መልእክቱን ብቻ ነው የሚያፍነው።
- የስቴሮይድ መርፌ ለትርኢት ሲባል የሚሰጠው አውታሩ በካሜራ ታይቶ ብቻ ነው። ደም ያለበት አውታር ላይ ድምፅ ሲከፈትላችሁ ጉዳቱን ታሰፉታላችሁ።
- ድምፅ ሲደክም ማንሾካሾክ ለብዙ ሰው እረፍት አይደለም። በአጭሩ፣ በለሆሳስ፣ በተለመደው ድምፅ ተናገሩ፤ ወይም ጻፉ።
- አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር በጣም ደረቅ ነው፤ እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። ሞተሩ እየጮኸ ከጎረቤት ጋር ማውራት ደግሞ ከትምህርት የባሰ ያደክማል። ባረፋችሁበት ቀን አትዝፈኑ፣ አታስተምሩ።

የተለመዱ ስህተቶች

*የራስን ችግር ለተማሪ መስጠት።* ራሳችሁ በአንድ ሚና ላይ ከትንፋሽ ጋር ስትታገሉ፣ በዚያ ሳምንት የሚመጣው ተማሪ ሁሉ የትንፋሽ ችግር ያለበት ይመስላችኋል። ትምህርት ከመጀመራችሁ በፊት ባለፈው ሳምንት ስለዚያ ተማሪ የጻፋችሁትን አንብቡ።

*መደበቅ።* ተማሪዎች ትርኢት እንዳላችሁ ከማስታወቂያ መስማት የለባቸውም። በሴሚስተሩ የመጀመሪያ ትምህርት የምትቀሩባቸውንና የሚተኩባቸውን ቀኖች በወረቀት ስጧቸው። ቀኑን ቀድሞ የሚያውቅ ተማሪ አያኮርፍም።

*በቀኑ ለተደወለ ስልክ ወዲያው እሺ ማለት።* የታመመ ዘፋኝ ተክታችሁ ዛሬ ማታ እንድትዘፍኑ ይጠሯችሁ ይሆናል። መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ደብተሩን ክፈቱ። የጠዋቱ ጣሪያ ስንት ነው? ዛሬ ስንት ትምህርት ሰጥታችኋል? አራት ከሰጣችሁ መልሱ አይሆንም ነው፣ ክፍያው ምንም ያህል ቢያጓጓ።

*በታመሙ ጊዜ መድረኩን ሰርዞ ማስተማሩን መቀጠል።* ብዙ ቦታ እንግዳ ዘፋኝ የሚከፈለው በትርኢት ስለሆነ፣ ትርኢት ከሰረዘ ገንዘቡ ይቀራል። ስለዚህ ቢያንስ ማስተማሩን ልያዝ ይላል። ግን በቀን ስምንት ሰዓት እያስተማረ የሚያገግም ጉሮሮ የለም። ስትሰርዙ ሁለቱንም ሰርዙ፤ ለትርኢቱ ያስረዳችሁበትን የሐኪም ወረቀት ለዩኒቨርሲቲውም ላኩ።

*ከመጨረሻው ትርኢት ማግስት ሙሉ ሳምንት ማስተማር።* መጋረጃው ሲወርድ ሁሉም ያለቀ ይመስላል። የቀሩት 12 የማካካሻ ትምህርቶችም ይጠብቃሉ። ከሁለት ቀን እረፍት በኋላ ጀምሩ፤ በሳምንት ከአራት በላይ አትጨምሩ። ደብተሩን ቢያንስ ለ10 ቀን አታቋርጡ። የእኔ ዝቅተኛ ጣሪያዎች በብዛት የተመዘገቡት ትርኢት ካለቀ በኋላ ባሉት ቀኖች ነው።